ጸደቀልኝ!

አምና ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ሱሉልታ በጭጋግ ተሸፍናለች፤ ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ወደ አጥሩ ወረድኩና ሰኔ መጨረሻ ላይ መሬት ውስጥ ከሰካኋቸው የሰንሰል እንጨቶች አንዷን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኳት። አልመጣችም። ደግሜ ሳብኳት። ያዝ አደረገች! ከታች፣ ከጥቁሩ አፈር ውስጥ፣ አንድ ሰው ጫፏን ጨብጦ «ተዋት» የሚለኝ ነበር የሚመስለው። ወደሚቀጥለዋ ሄድኩ፤ እሷም ይዛለች። ወደ ሦስተኛዋ፣ ወደ አራተኛዋ። ከስልሳ ሁለቱ እንጨት ሃምሳ አራቱ መሬቱን ጨብጠዋል። በዚያ ጭጋግ መሀል ቆሜ ብቻዬን ጮኽኩ፦ «ጸደቀልኝ!»

ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን፤ ገነት ለገባች ነፍስ በምንጠቀምበት ቃል። ስንት ዓመት ስለው የኖርኩትን ቃል ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሥር የሌለው፣ ከእናቱ የተቆረጠ፣ ለማገዶ እንኳ የማይበቃ አንድ ክንድ እንጨት በሰባት ሳምንት ውስጥ ራሱን የቻለ ሕያው ተክል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ይህንኑ አወራለሁ። በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ ቤት ሠርቶ አጥሩ የሳሳበት ሰው ካለ ይስማኝ፤ መፍትሔው ጎረቤቱ አጥር ላይ ቆሞ እየጠበቀው ነው።

እኔ እዚህ የደረስኩት ተቸግሬ ነው። ግቢያችንን ስንረከብ ዙሪያው በፈረንጅ ጽድ ታጥሮ ነበር። ከመንገድ ሲያዩት አረንጓዴ ግድግዳ ነው፤ ቀረብ ብለው ዝቅ ሲሉ ግን ከጉልበት በታች ደረቅ ግንድ ብቻ። የጎረቤት በግ እንደ ቤቱ ይገባል፣ የእኛ ዶሮ እንደ ልቧ ትወጣለች። ከላይ ብከረክመው ከታች ያቆጠቁጣል ብዬ አጥብቄ ከረከምኩት። ያ ጥፋቴ ነበር። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት ከጉቶው ይነሣል፤ የፈረንጅ ጽድ ግን ቅጠሉን ከጣለ አሮጌ እንጨት ላይ እንደገና አያቆጠቁጥም። አረንጓዴውን አልፎ ደረቁ ላይ መቀስ ያሳረፈ ሰው ያንን ቀዳዳ ለዘለዓለም ከፈተው ማለት ነው። ክሽክሽ ደግሞ አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ላይ ታይቶ ምሥራቅ አፍሪካን ያዳረሰው የጽድ ክሽክሽ ከቅርንጫፉ ላይ ፈሳሹን እየመጠጠ አጥሩን ቡናማ ያደርገዋል።

ቆርቆሮ ላድርግ አልኩ፤ ዋጋውን ጠይቄ ተመለስኩ። ጭራሮ ሞላሁበት፤ አንድ በጋ አልቆየም። መንገድ ዳር ከሚሸጡ ሰዎች በላስቲክ የተተከለ ችግኝ ገዝቼ ቀዳዳው ውስጥ ተከልኩ፤ አብዛኛው ከገና በፊት ደረቀ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ።

ከዚያ አንድ ቀን ከበላያችን የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ሁላችንም «አዴ» የምንላቸው፣ የደረቁትን ችግኞች ስነቅል አገኙኝ። ቆም ብለው ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ብር ከምታፈስ ከእኔ አጥር ለምን አትቆርጥም?» አሉኝ።

«ምኑን ልቁረጥ አዴ?»

«ዱሙጋውን ነዋ! ዱሙጋ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዝናብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።»

ዱሙጋ በኦሮምኛ ነው። ሸዋ ላይ ሰንሰል የምንለው፣ ጎጃምና ጎንደር ስሚዛ የሚሉት ያው እሱ ነው። ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩት ተክል! ልጆች ሆነን ነጩን አበባ ነቅለን ከሥሩ ያለችውን ጣፋጭ ጠብታ የምንመጥጥበት ተክል! ስሙን አውቃለሁ፣ መልኩን አውቃለሁ፤ ምን እንደሚችል ግን አላውቅም ነበር።

እስቲ በቅርብ ልዩት። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ፊት ለፊት እየተያየ ይወጣል፤ ሞላላ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። ቅጠሎቹ የወጡበት አንጓ አበጥ ያለ ነው፤ ጣት ሲያሳልፉበት እንደ ጉልበት ይሰማል። አበባው ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተጨናንቆ ይወጣል፤ ነጭ ነው፣ እንደ አፍ ሁለት ከንፈር አለው፣ የታችኛው ከንፈር ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ንብ ትወደዋለች። በግና ከብት ግን ቀመስ አድርገው ይተዉታል፤ ይመራቸዋል። የአጥር ተክል ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት? ንብ የምትጠራው፣ በግ የምትሸሸው፣ ዓመቱን ሙሉ የማይራገፍ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ!

የሳይንስ ስሙ ጀስቲሺያ ሺምፐሪያና ነው። የመጀመሪያው ስም ጄምስ ጀስቲስ ለተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ መታሰቢያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ በ1837 እ.ኤ.አ. አገራችን መጥቶ፣ ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ እየላከ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ እዚሁ የኖረ ጀርመናዊ። የአትክልተኛና የዕፅዋት ሰብሳቢ ስም ተሸክሞ በየጓሮአችን ቆሟል፤ እኛ ደግሞ ብሎኬት እንቆጥራለን።

አዴ እንዳሳዩኝ ላሳያችሁ፤ እያንዳንዷ እርምጃ ምክንያት አላት። በገጀራ የሚቆረጠው ለምለሙ ጫፍ አይደለም፤ እሱ በሁለት ቀን ይጠወልጋል። ግራጫ ያለው አሮጌ ግንድም አይሆንም፤ ሥር ለማውጣት ይታክታል። መሀከለኛው ነው የሚፈለገው፤ ከትንሽ ጣት ወፈር፣ ከአውራ ጣት ቀጠን ያለ፣ ሲያጥፉት እሺ የሚል ግን የማይሰበር። ቁመቱ አንድ ክንድ፣ አንጓው አራት ወይም አምስት። ታችኛው ጫፍ ከአንጓ ሥር ጥቂት ወረድ ብሎ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ላይኛው ቀጥ ተደርጎ።

«ለምንድን ነው አንዱ ሰያፍ አንዱ ቀጥ?» አልኳቸው።

«ተዘቅዝቆ እንዳይተከል።»

ያቺን መልስ ሰምቼ ቤት ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። እንጨቱ ላይና ታቹን ያውቃል! አግድም ብታስተኙት፣ ገልብጣችሁ ብትሰኩት፣ ሥር ማውጣት የሚፈልገው በፊት ወደ መሬት ይመለከት በነበረው ጫፉ ነው። ሥር የማስበቀሉን ሥራ የሚሠራው ኦክሲን የተባለ ቅመም ነው። ተክሉ ይህን ቅመም በቅርንጫፉ ጫፍና በለጋ ቅጠሉ ውስጥ ይሠራና ያለማቋረጥ ወደ ታች ይልከዋል። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ወደ ታች ይወርድ የነበረው ቅመም መንገዱ ያልቅበትና ቁስሉ ላይ ይጠራቀማል። እዚያ ያሉት ሴሎች ሥር መሥራት የሚጀምሩት ያኔ ነው። ቁስሉ ራሱ የሥር መውጫ ይሆናል! ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት ይህን ቅመም በ1926 እ.ኤ.አ. ያጠመደው በአጃ ቡቃያ ነው። የቡቃያውን ጫፍ ቆርጦ እንደ ጄሊ የረጋ ነገር ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ያንን ጄሊ ብቻ ወስዶ ጫፉ በተቆረጠው ቡቃያ ላይ ቢያኖረው ቡቃያው ማደጉን ቀጠለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለቁርጥራጭ ተብሎ የሚሸጠው ሥር ማስያዣ ዱቄት የዚያ ቅመም ወንድም ነው። ሰንሰል ግን ዱቄቱን አይፈልግም፤ ከራሱ ያወጣል።

ሁለት ቅጠል ከላይ እንዲቀር የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ሌላው ቅጠል ይመለመላል፤ ሥር የሌለው እንጨት የሚተነውን ውሃ መተካት አይችልምና። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ አዴ በመቀስ ግማሽ ግማሻቸውን ቆረጧቸው፤ ሲሳይ እንዲሠሩለት እንጂ ውሃ እንዳይጨርሱበት።

ከዚያ መትከል ነው። እንጨቱን በኃይል መሬት ውስጥ መወሸቅ ልጣጩን ይገፈዋል፤ መጀመሪያ በሌላ ሹል እንጨት ቀዳዳ ማበጀት ነው። ሁለት አንጓ ከአፈር በታች ይግባ። አፈሩ በተረከዝ ጠበቅ ተደርጎ ይረገጥ፤ ሥር አየር ውስጥ አይወጣም። በሁለት ረድፍ፣ በስንዝር ልዩነት፣ የፊተኛው ክፍተት ላይ የኋለኛው እንዲገጥም አድርጎ ማዛነቅ። ጊዜው ክረምቱ ጥርት ብሎ ሲገባ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ።

የእኛን ሱሉልታ ግን ለብቻዋ ልንገራችሁ፤ የሌላ አገር ምክር እዚህ ላይ ነው የሚከሽፈው። ሜዳችን መረሬ ነው። ሐምሌ ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ለድርቆሽ የተፈጠረ መሬት ነው። የሰኩት እንጨት እዚያ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ በአጥሩ መስመር ላይ አፈሩን ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርጌ መደብ ሠራሁ፤ የበሰበሰ ፍግ ቀላቀልኩበት፤ ከውጭ በኩል ውሃው የሚሄድበት ቦይ ቀደድኩ። የከሰሩት ስምንቱ እንጨቶች መደቡ ዝቅ ያለበት ጥግ ላይ የነበሩት ናቸው። ቡራዩና ሰበታ ዳገታማው ላይ ቀይ አፈር ያላችሁ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፤ ውሃው በራሱ ይወርዳል። የእናንተ ጭንቀት በጋው ነው።

አሮጌ አጥር መሀል አዲስ ተክል ማስገባት ደግሞ ባዶ መሬት ላይ እንደመትከል አይደለም። የገዛኋቸው ችግኞች ለምን እንደሞቱ የገባኝም እዚህ ጋ ነው። ጽዱ ከላይ ፀሐዩን፣ ከታች ውሃውን ይቀማቸው ነበር። አሁን ግን ቀዳዳው ባለበት ቦታ የጽዱን የጎን ቅርንጫፎች አሳጠርኩ፤ በአካፋ በሁለቱም በኩል ሥሩን ቆረጥኩት፤ ለአዲሶቹ አንድ ክረምት የሚሆን ነጻ መሬት ሰጠኋቸው። በጋ ሲገባ በሳምንት ሁለት ጊዜ በጄሪካን ውሃ አጠጣሁ። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ወረደ፤ ለጋ ጫፎቹ ጠቆሩ፤ ልቤም አብሮ ጠቆረ። ሚያዝያ ላይ ከጥቁሩ ጫፍ ሥር ካለው አንጓ ሁለት ሁለት ቡቃያ ወጣ! አንድ የነበረው ሁለት ሆነ። ዘንድሮ ሰኔ ደግሞ በእጄ ጫፍ ጫፉን ቀነጠብኩት፤ የላይኛው ጫፍ ሲቀነጠብ የጎን ቡቃያዎችን ይዞ ያስቀር የነበረው ያው ኦክሲን ይቀንሳልና ሁሉም ይነሣሉ። ዛሬ ከጉልበት በታች እጄን ላስገባ ብል አይገባም። ዶሮዋም ተስፋ ቆርጣ ግቢ ውስጥ ትውላለች።

ዓይኔ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የማየው ሁሉ ሰንሰል ሆነ። ከአስኮ ወጥቼ ቡራዩን አልፌ ወደ ገፈርሳ ስሄድ፣ ካብ የተካበበት አጥር ላይ ከድንጋዩ መሀል ብቅ ብሎ አየሁት። አንድ ግቢ በር ላይ የቆሙ አባት ስጠይቃቸው ካቡን ሰንሰሉ ነው የያዘው አሉኝ። በዓለም ገና በኩል ሰበታ ስገባ፣ ወጨጫ ተራራ ሥር ባሉት የድሮ ግቢዎች ከኮሽም ጋር ተዛንቆ አገኘሁት፤ እሾሁን ኮሽሙ፣ ልብሱን ሰንሰሉ ይሰጣል። ኮሽሙ ቢጫ ፍሬውን ጥሎ መንገዱ ዳር ልጆች እየለቀሙ ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ፤ ከጎኑ ነጩ አበባ ላይ ንቦች ያንዣብባሉ። ባለሙያ ያልነደፈው፣ በጀት ያልተያዘለት አጥር ነው፤ ከዚህ የሚያምር ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ አላየሁም።

ከዚያው ከሰበታ ወደ ሱባ ጫካ ብትዘልቁ የአገራችን ጽድ ጠጠር ብሎ ቆሞ ታገኙታላችሁ። አፄ ዘርአ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይተረካል። ጽድ የዘር ልጅ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ ማጽደቅ አድካሚ ነው። ያን ጫካ የሚያህል ነገር ለልጅ ልጅ ይተከላል። አጥር ግን ዘንድሮ ነው የሚፈለገው።

ደግሞም ቁርጥራጭ መትከል የድሃ ብልሃት ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ካለ፣ ሰበታ አካባቢ ወዳሉት የጽጌረዳ እርሻዎች ይመልከት። እያንዳንዷ አበባ የጀመረችው ከቁርጥራጭ ነው። ቆቃ አካባቢ ያሉ እርሻዎች ደግሞ ሥር እንኳ ያላወጡ የአበባ ቁርጥራጮችን በሣጥን አሽገው በአውሮፕላን አውሮፓ ይልካሉ፤ እዚያ ሥር ይይዛሉ፣ እዚያ ይሸጣሉ። ሸንኮራ አገዳውም፣ ስኳር ድንቹም የሚባዛው በቁራጭ ነው። አዴ ከአጥራቸው ላይ በገጀራ የሚያደርጉት፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ነጭ ካፖርት የለበሰ ባለሙያ የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ሌላም አለ፤ ገና ዘንድሮ የሞከርኩት፣ ከመቁረጥም የሚቀል። ከቀዳዳው አጠገብ ያለውን የሰንሰል ቅርንጫፍ ሳይቆርጡ ወደ መሬት ማጋደም። መሬት የሚነካበትን ቦታ ልጣጩን በትንሹ ፋቅ አድርጎ፣ በባላ እንጨት ወደ ታች መቸንከር፣ አፈር ማልበስ፣ ጫፉን ወደ ላይ ማቃናት። እናትየው እያጠባችው እዚያው ሥር ያወጣል። አንድም አልከሰረብኝም። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነና ጎኑ ላይ ጤነኛ ሰንሰል ካለ ከዚህ ሌላ ነገር አትሞክሩ።

እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ በየቀኑ አዲስ ቤት ይነሣል፣ በየቀኑ አዲስ ቆርቆሮ ይተከላል። እኔ ቆርቆሮ አጥር ያለውን ሰው አልወቅስም፤ ሌባ አለ፣ ስጋት አለ። ግን ቆርቆሮው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ በኩል፣ አንድ ረድፍ ሰንሰል ሰክታችሁ ብታዩት! በሁለተኛው ክረምት ቆርቆሮው መኖሩን ትረሱታላችሁ። አቧራው ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ የመኪናው ድምፅ ይለዝባል፤ ጠዋት በር ስትከፍቱ የሚቀበላችሁ የንብ ድምፅ ነው። ዋጋው? ጎረቤት ቤት ገብቶ ቡና እየጠጡ መለመን። እኔ ከአዴ ጋር ሁለት ዓመት በሰላምታ ብቻ ነው የኖርነው፤ አጥራቸውን ከቆረጥኩ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ ቡና የምንጠጣው አብረን ነው። የእሳቸው አጥርም በመቆረጡ ጠቀመው እንጂ አልሳሳም፤ ከተቆረጠበት ሁሉ እጥፍ ሆኖ አቆጥቁጧል።

ዘንድሮ ሰኔ የእኔ አጥር በተራው ለሌላ ሰው የሚቆረጥ ሆነ። አንድ ቡራዩ የሚኖር ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ሠላሳ እንጨት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ውሃ አርከፍክፎበት፣ ታክሲ ላይ አቅፎ ወሰደ። እንዴት እንደሚተክለው በወረቀት ጻፍኩለት፤ ሰያፉ ወደ ታች የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሐምሌን ሙሉ ቅጠሉ ረገፈ ብሎ ሲያማርር ከረመ፤ ይርገፍ፣ እንጨቱን ብቻ አትንካ እያልኩ አጽናናሁት።

ነሐሴ 18 ቀን ማለዳ፣ ገና ከአልጋ ሳልወርድ፣ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ! ሳብኩት እኮ! አልመጣም አለኝ!»

«በቃ፣ ሌሎቹን እንዳትስባቸው» አልኩት፤ «ገና ለጋ ሥር ነው፣ ይበጠሳል።»